ለበዓል ረፋድ የቀረፋ ጥቅል፦ ምን ተበላሸ፣ ከምን መጣ፣ እንዴት ይስተካከላል?

በበዓል ቀን ረፋድ ላይ ቤቱን የቀረፋ ሽታ ሲሞላው ደስ ይላል። የቀረፋ ጥቅል፣ ብዙዎቻችን ሲናመን ሮል የምንለው፣ ለመሥራት ብዙ ነገር አይጠይቅም፤ ዱቄት፣ ወተት፣ እርሾ፣ የገበታ ቅቤ፣ ስኳርና ቀረፋ ነው። የሚያስቸግረው ስህተቱ የሚሠራበትና የሚታይበት ሰዓት መራራቁ ነው። ማታ በጋለ ወተት የሞተ እርሾ የሚታወቀው ጠዋት ነው፤ ላልቶ የተጠቀለለ ሊጥ የሚከፈተውም ኦቭን ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ሲበላሽባችሁ ያያችሁበት ቦታ ላይ አትቁሙ፤ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ።

መጠኑን በግልጽ ላስቀምጥ፣ ከታች የምለው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና። ለ12 ጥቅል፦ 500 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 240 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 1 እንቁላል፣ 75 ግራም ስኳር፣ 75 ግራም የለሰለሰ የገበታ ቅቤ፣ 7 ግራም ፈጣን ደረቅ እርሾ፣ 8 ግራም ጨው። ለመሙያው 80 ግራም ቅቤ፣ 150 ግራም ቡናማ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ። ኦቭኑ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከ22 እስከ 27 ደቂቃ።

ሊጡ ኩፍ አላለም

ሁለት ሰዓት ጠብቃችሁ ክዳኑን ስታነሡ ሊጡ እንዳስቀመጣችሁት ቁጭ ብሏል። ከሁሉም በፊት ወተቱን አስታውሱ። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ይሞታል። የሚመቸው ለብ ያለ፣ 38 ወይም 40 ዲግሪ ገደማ የሆነ ወተት ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ጠብታ ወተት የእጃችሁ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ላይ አድርጉ፤ ካቃጠላችሁ እርሾውንም ያቃጥለዋል። አንድ የበዓል ዋዜማ ወተቱን ከእሳት እንዳወረድኩ እርሾው ላይ ደፋሁት፤ ቸኩዬ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ጠብቄ ጠዋት ያገኘሁት እንደ ጭቃ የከበደ ሊጥ ነው።

እርሾው ሞቶ ነው ወይስ ሊጡ በርዶት ነው? ለመለየት ከዚያው ፓኬት 1 የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ ቁንጥር ስኳር፣ ሩብ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨምሩና 10 ደቂቃ ጠብቁ። አረፋ ከያዘ ፓኬቱ ደህና ነው፤ እንግዲህ ወይ ወተቱ ግሎ ነበር፣ ወይ ክፍሉ ቀዝቅዟል። ለቀዘቀዘ ሊጥ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ያልተለኮሰ ኦቭን ውስጥ አስገቡት፣ ከሥሩ የፈላ ውሃ የያዘ ሳህን አድርጉና በሩን ዝጉ። አንድ ሰዓት ስጡት።

በዚህም ካልተነሣ እርሾው ሞቷል ማለት ነው፤ ሊጡን ግን አትጣሉ። 5 ግራም አዲስ እርሾ በ2 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃና በትንሽ ዱቄት በጥብጡ፤ አረፋ ሲይዝ ሊጡ ላይ ጨምራችሁ እሹት። መጀመሪያ ይንሸራተታል፣ እጃችሁ ላይ ይጣበቃል፣ የተበላሸ ይመስላል። አምስት ደቂቃ ታገሡት፤ ሊጡ ይጠጣውና መልሶ ይይዛል። ከዚያ እንደ አዲስ ኩፍ እስኪል ጠብቁ።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ ምክንያት ራሱ ቀረፋው ነው። ቀረፋን ቀረፋ የሚያሰኘው ሲናማልዲሃይድ የተባለው ንጥረ ነገር የእርሾን እድገት ይገታል። ሽታው እንዲበረታ ብላችሁ ቀረፋ ከዱቄቱ ጋር ካቦካችሁ ሊጡ ይንቀራፈፋል። ቀረፋ ቦታው መሙያው ውስጥ ነው። ስኳርም ሲበዛ ውሃውን ከእርሾው ይሻማል፤ የሊጡን ስኳር ከላይ ካለው መጠን አታሳልፉ፣ ጣፋጩን ለመሙያውና ለላዩ ተዉት።

ሲዳመጥ ወደ ኋላ እየተሰበሰበ ያስቸግራል

ሊጡ ደክሞታል፤ አሳርፉት። በፎጣ ሸፍናችሁ 10 ወይም 15 ደቂቃ ተዉትና እንደገና ሞክሩ። በጉልበት መሳብ ሊጡን ይቀዳዋል እንጂ አያሰፋውም። የምትፈልጉት 45 በ35 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን ነው።

መሙያው ፈስሶ ትሪው ላይ ተቃጠለ

በየቤቱ የሚደርሰው ይሄ ነው። ኦቭኑ መጨስ ይጀምራል፤ ስትከፍቱ ስኳሩ በጥቅሎቹ ሥር እየተንተከተከ ነው፣ ጥቅሎቹ ደግሞ ውስጣቸው ባዶ ሆኗል።

መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ቅቤው ነው። የቀለጠ ቅቤ ሊጥ ላይ ስታፈሱ ስኳሩ አብሮት ይንሸራተታል፤ ገና ስትጠቀልሉ በዳር በኩል መውጣት ይጀምራል። በዚያ ላይ ስኳር ውሃ ይስባል፤ ከሊጡ እርጥበት እየወሰደ ሽሮፕ ይሆናል፣ በተለይ ሲያድር። ስለዚህ ቅቤው መለስለስ አለበት እንጂ መቅለጥ የለበትም። እኔ የምፈትነው በጣት ነው፦ ስጫነው ጣቴ በቀላሉ ይሰረጉዳል፣ ሳነሣው ግን ቅቤው አንጸባርቆ ዘይት አልተፋም። በዚህ ደረጃ ላይ ቅቤውን፣ ስኳሩንና ቀረፋውን አንድ ላይ ምቱት፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ወይም የበቆሎ ስታርች ጨምሩበት። ስታርቹ ሲሞቅ ሽሮፑን ያጠነክረዋል፣ ከጥቅሉ ውስጥ ያስቀረዋል። ይህን አንድ ማንኪያ መጨመር ከጀመርኩ ወዲህ ትሪ ፍቄ አላውቅም።

ስትቀቡት መጨረሻ የሚዘጋውን ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉት። ቅቤ የነካው ሊጥ ከሊጥ ጋር አይጣበቅም። ባዶውን ጠርዝ በእርጥብ ጣት ዳሰስ አድርጉ፣ ጠቅልላችሁ ቆንጥጣችሁ ግጠሙት።

ዛሬ የፈሰሰውንስ? ከኦቭን እንደወጣ ከ5 ደቂቃ በላይ አታቆዩት፤ ስኳሩ ሲቀዘቅዝ ጥቅሉን ከትሪው ጋር ያጣብቀዋል። የወጣው ስኳር ወርቃማ ቡናማ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ ትሪውን በሰፊ ሳህን ላይ ገልብጡት፣ ካራሜሉ ከላይ ይሆናል፣ ማንም ተበላሽቷል አይልም። ስትገለብጡ ተጠንቀቁ፣ የቀለጠ ስኳር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ክፉኛ ያቃጥላል። የጠቆረ ከሆነ ግን መራራ ነውና ሥሩን በስለት ቆርጣችሁ አንሡት። ጥቁር ቀለም ያለው ትሪ ሥሩን ቶሎ ስለሚያሳርር በሚቀጥለው ጊዜ ሁለተኛ ትሪ ከሥሩ ደርቡ።

ስቆርጠው ተጨፈለቀ

ቢላዋ ጥቅሉን ከመቁረጡ በፊት ይጫነዋል። ክር ተጠቀሙ፤ ንጹሕ የስፌት ክር ወይም ሽታ የሌለው የጥርስ ክር ይሆናል። ክሩን ከጥቅሉ ሥር አሳልፉ፣ ሁለቱን ጫፍ ከላይ አጠላልፉና ወደ ግራና ቀኝ ሳቡ። ሊጡ ከየአቅጣጫው እኩል ይቆረጣል፣ ጥምዝምዙም ክብነቱን ሳይለቅ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያነሰ ይሁን። ክርም ቢሆን የሚጨፈልቀው ከሆነ ሊጡ ሞቋል ማለት ነው፤ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት።

መሃሉ እንደ ጉልላት ወደ ላይ ወጣ፣ ወይም ጥምዝምዙ ተለያየ

እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። በጣም ጠብቆ የተጠቀለለ ሊጥ ሲያብጥ ወደ ጎን መሄጃ ስለሌለው መሃሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ላልቶ የተጠቀለለ ደግሞ በየዙሩ መካከል ክፍተት ይተዋል። ሊጡ ሳይለጠጥ፣ አየርም ሳይገባ እየተነካካ ይጠቅለል። የተነሣውን መሃል ትኩስ እያለ በማንኪያ ጀርባ በቀስታ ወደ ታች ተጫኑት፤ ይመለሳል። ጣዕሙ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ዳሩ በስሏል፣ መሃሉ ግን ጥሬ ነው

ከላይ ቡናማ ሆኖ ስላያችሁት አውጥታችሁታል፤ ስኳርና ወተት ያለበት ሊጥ ግን ከመብሰሉ በፊት ይቀላል፣ ቀለሙን ማመን አይቻልም። ትሪው መካከል ላይ ያለውን ጥቅል ፈትኑ፤ የመጨረሻ የሚበስለው እሱ ነው። በቴርሞሜትር ከሆነ ልቡ 88 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል። ካልሆነ የመሃሉን ዙር በሹካ ሳብ አድርጉት፦ እንደ ዳቦ በስስ ክር በስስ ክር ከተላቀቀ ደርሷል፤ ተለጥጦ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ገና ሊጥ ነው። ላዩን በፎይል ሸፍናችሁ 8 ደቂቃ መልሱት። ከኦቭን ከወጣ ግማሽ ሰዓት ቢሆነውም ይህ ይሠራል።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከፍሪጅ ቀጥታ ወደ ኦቭን መግባቱ ነው። ኦቭኑ በቂ ጊዜ ሳይሞቅ ማስገባትም እንዲሁ ያደርጋል።

ማታ ሠርቼ አሳድሬው ጠዋት ተዝረጥርጦ አገኘሁት

ለእንግዳ ቀን ማሳደር ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው፤ ጠዋቱን ለሌላ ሥራ ያተርፍላችኋል፣ ጣዕሙም ይዳብራል። ነገር ግን ፍሪጅ ሊጥን ወዲያው አያቀዘቅዝም። ጥቅሎቹ ትሪው ላይ ኩፍ ብለው ካበቁ በኋላ ከገቡ፣ እስኪቀዘቅዙ ባሉት ሰዓቶች መነፋታቸውን ይቀጥላሉ። ጠዋት ላይ ቆዳቸው ተሸብሽቦ፣ እንደ ጠላ የኮመጠጠ ሽታ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። የመጀመሪያውን ኩፍ ማለት ጨርሰው ከተቆረጡ በኋላ ወዲያው ሸፍናችሁ አስገቧቸው፤ ትሪው ላይ ኩፍ እስኪሉ አትጠብቁ። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበቃል። ጠዋት አውጥታችሁ ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ክፍሉ ውስጥ ይቆዩ። ጎኑን በጣት ስትነኩት ስርጉዱ ቀስ ብሎ፣ ሳይሞላ ከተመለሰ ለኦቭን ደርሷል። ፈጥኖ ከዘለለ ጠብቁት።

ዛሬ የተዝረጠረጠው ግን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ኦቭኑ እንደሞቀ አስገቡት። ትንሽ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ይበላል።

ደረቀ፣ እንደ ቆየ ዳቦ ሆነ

እዚህ ላይ ጥፋተኛው ዱቄት ነው፣ እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው ነገር ቢኖር ይሄ ነው። በኩባያ ስትለኩ ዱቄቱ ነፋ ነፋ ተደርጎ ከተሞላ 120 ግራም ይሆናል፤ ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ሰክታችሁ ጠቅጥቃችሁ ካወጣችሁት 150 ሊደርስ ይችላል። አራት ኩባያ ላይ ልዩነቱ አንድ ኩባያ ሙሉ ነው። ሚዛን ግዙ፤ ለኩሽናው ከብዙ ዕቃ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው። ሁለተኛው ስህተት ሊጡ እጅ ላይ ሲጣበቅ በድንጋጤ ዱቄት መነስነስ ነው። የዚህ ሊጥ ተፈጥሮው ትንሽ መጣበቅ ነው። 8 ወይም 10 ደቂቃ ስታሹት መጣበቁ ይቀንሳል፤ ሳህኑን መልቀቅ ሲጀምር ይበቃል።

የደረቀውን ለማርጠብ ገና ትኩስ እያለ 3 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ወተት ወይም ክሬም በየመካከሉ አፍስሱና በፎይል ሸፍናችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት።

ቀረፋው አይታወቅም

የተፈጨ ቀረፋ ሽታው እየበነነ ይሄዳል። ቁንጥር ወስዳችሁ መዳፍ ላይ አሹት፤ አፍንጫችሁ ካልነቃ ማንኪያ ብትጨምሩም ዱቄት ዱቄት ከማለት በቀር አያመጣም። ዓይነቱም ይለያያል፦ ካሲያ የሚባለው ጠንካራና ትኩስ ነው፣ የሲሎን ቀረፋ ለስለስ ያለ ነው። ለዚህ ሥራ እኔ ካሲያ እመርጣለሁ፣ ያ ሁሉ ቅቤና ስኳር የሲሎኑን ይውጠዋልና። መሙያው ላይ ቁንጥር ጨው መጨመር አትርሱ።

ሊጥ ለማቡካት ጊዜ የሌለው ሰው ከገበያ የሚገኘውን ተነባባሪ የፓፍ ሊጥ ይጠቀማል። እሱ ሳይነፋ ቀርቶ ቅቤው ትሪው ላይ ከፈሰሰ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ሊጡ ሲገባ ሞቆ ነበር። ቀርፆና ቆርጦ ከጨረሱ በኋላ 20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ በደንብ በጋለ 200 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ መክተት ነው።

ከላይ ያፈሰስኩት ነጭ ስኳር ቀልጦ ጠፋ

ጥቅሉ ገና ግሎ ነበር። 10 ወይም 15 ደቂቃ በረድ ይበል። 120 ግራም የስኳር ዱቄት በ1 የሾርባ ማንኪያ ወተት በጥብጡ፤ ከማንኪያ ሲወርድ እንደ ወፍራም ሪባን ተጣጥፎ ትንሽ ቆይቶ መስመሩ መጥፋት አለበት። ከቀጠነ ስኳር፣ ከወፈረ ጠብታ ወተት። የቀለጠውን አትጥረጉት፤ ሲቀዘቅዝ ሁለተኛ ደርቡበት።

የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ። የዳቦ ስታርች በፍሪጅ ቅዝቃዜ ከክፍል ሙቀት ይልቅ ቶሎ ይጠነክራል፣ ለዚህ ነው በማግስቱ እንጨት የሚሆነው። ለነገ ከሆነ በደንብ ተሸፍኖ ውጭ ይደር፤ ከዚያ ለሚያልፍ አንድ በአንድ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ስትፈልጉት በፎይል ተሸፍኖ በ150 ዲግሪ፣ ያደረው 10 ደቂቃ፣ ከፍሪዘር የወጣው 20 ደቂቃ ገደማ ይሙቅ።