መጋቢ ከአጥቢያው ሲሰናበት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእገዳ ደብዳቤው የደረሰኝ ደሴ ላይ ዝናብ በሚያወርድበት ቀን ነው። ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ ማኅተም፣ የአጥቢያችን የሽማግሌዎች ቦርድ ሰብሳቢ ፊርማ። ደብዳቤው «እርስዎ» ይለኛል፤ ያመጣው ልጅ ግን «አንተ» ብሎ ሰጠኝ። ነገሩ የገባኝ ከልጁ ነው።

የተጣላነው በትምህርት አይደለም። ማን ይወስን በሚለው ነው። እኔ አዳራሽ እንሥራ አልኩ፣ ሽማግሌዎቹ ቆይ አሉ፣ እኔ ሳላስፈቅዳቸው ለምእመኑ ቃል ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። ዛሬ ከኮምቦልቻም ከወልዲያም እየደወሉ የሚያማክሩኝ አገልጋዮች አሉ። ስህተታቸው ይመሳሰላል። አብዛኛውን እኔም ሠርቼዋለሁ።

በዚያው ማታ መናገር

«ዝም ካልኩ ያመንኩ ይመስላል» ትላለህ። እኔም ብያለሁ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የመዘምራኑ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብቼ በድምፅ ላክሁ። 14 ደቂቃ። የሽማግሌዎቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራሁ። ከዘረዘርኩት ግማሹ በምክር ሰዓት አምነው የነገሩኝ የቤታቸው ጉዳይ ነበር። ቁርስ ሳይደርስ ወልዲያ ገብቷል።

በማግስቱ የታገድኩበት ምክንያት ተረሳ፤ ወሬው ሁሉ የድምፁ ሆነ። እስከዚያች ማታ ለእኔ የሚከራከሩ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። እሱን ሰምተው እነሱም አፋቸውን ያዙ። ምን ይበሉ?

ከተናደድክ ጻፈው። ለባለቤትህ አንብብላት። አትላከው። ሦስት አራት ቀን ቆይተህ ለቦርዱ ብቻ አንድ ገጽ አስገባ፤ ክሱ በዝርዝር ይሰጠኝ፣ የቃለ ጉባኤው ቅጂ ይሰጠኝ በል። ቀኑን ጽፈህ ገቢ አስደርገው።

በመሰናበቻ ስብከት መበቀል

የተባረረ መጋቢ ሁሉ የሚወዳት ጥቅስ 3ኛ ዮሐንስ ውስጥ ነች። «ዋናቸው ሊሆን የሚወድ ዲዮጥራጢስ»፣ ሰውን ከቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው። ሰብሳቢያችን እሱ ነው ብለን እንሰብካለን። ሰብሳቢውም ቤቱ ቁጭ ብሎ ያንኑ እያነበበ እኛን ያስባል። መልእክቷ አንድ ምዕራፍ ብቻ ስለሆነች ሁላችንም ቶሎ እንጨርሳታለን።

የማሳቹሴትሱ (አሜሪካ) መጋቢ ጆናታን ኤድዋርድስ 23 ዓመት ካገለገለባት ከኖርዝሃምፕተን አጥቢያ በ1750 እ.ኤ.አ. በምእመናኑ ድምፅ ተሰናብቷል። የጌታን እራት ማን ይውሰድ በሚል ክርክር። መሰናበቻውን ሰብኮ ወረደ። ከዚያም ሌላ ሰባኪ አጥተው ሲጠሩት እየሄደ ሰበከላቸው። በኋላም ስቶክብሪጅ የምትባል ትንሽ የድንበር መንደር ገባ። እኔ ብሆን ተመልሼ የምሰብክላቸው አይመስለኝም። ግን በመጨረሻዋ ቀን ምእመን ፊት ስም አለመጥራት ይቻላል። ያን ያህሉን ያቅተኛል ብለህ የምትፈራ ከሆነ መድረኩን አትቀበል።

ቤትን መርሳት

እኔ ስለ ቦርዱ ሳብሰለስል ቤታችን ጭር ብሎ ነበር። ልጆቼ ጓደኞቻቸው ሁሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የባለቤቴ ቡና አጣጪዎች የሽማግሌዎቹ ሚስቶች ነበሩ። በአንድ ሳምንት ሁሉም ቀረ። መጀመሪያ የመጣችው ሙስሊሟ ጎረቤታችን ናት። ጀበናዋን ይዛ ገባች፣ ዙሪያውን አየች፣ «ይኼ ሁሉ ሰው የት ሄዶ ነው?» አለች። መልስ ስታጣ «አብሽሪ» አለቻት ባለቤቴን። በረካው ድረስ ቆየች።

እኔ ግን ቡናው ላይ አልነበርኩም። ስልክ ላይ ነበርኩ።

የምትኖረው ቤተ ክርስቲያን በተከራየችልህ ቤት ከሆነ ደግሞ ስንት ወር መቆየት እንደምትችል መጀመሪያ ጠይቅ፣ በጽሑፍ። የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ ስጡኝ ብትል አብዛኛው ቦርድ እምቢ አይልም። ሰው ሲጣላ ይጨክናል፣ ልጅ ሲነሣ ግን ይለዝባል።

ቁልፍና ማኅተም ይዞ መቅረት

ይኼ አጭር ነው። አታድርገው። የባንክ ፈራሚ ከሆንክ ወዲያው ተነሣ። ሞንታርቦውን፣ ቁልፉን፣ ሰነዱን በዝርዝር አስረክብ፣ አስፈርም፣ ቅጂ ያዝ። ያልተከፈለህ ደመወዝ ካለ እሱን ለብቻው ጠይቅ እንጂ ዕቃ መያዣ አታድርግ። ነገሩ ወደ ፖሊስ ከሄደ አገልጋይ መሆንህ አያድንህም።

«ሥራ ክርክር አቀርባለሁ» የምትልም አለህ። መጀመሪያ የሕግ ባለሙያ አማክር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ የሃይማኖት ድርጅቶች የሚመሠርቱት የሥራ ግንኙነት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ከአዋጁ ሊወጣ እንደሚችል ይናገራል። የአንተ ጉዳይ የጥበቃ ሠራተኛው ጉዳይ ያህል ቀላል ላይሆን ይችላል።

የራስን ወዳጅ አስታራቂ ሽማግሌ ማድረግ

ወሎ የአስታራቂዎቹ የአበጋሮች አገር ነው። ደም የተቃባ ሰው የሚታረቅበት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀመጥበት። እኛ ግን ተምረናል መሰለኝ፣ ለእርቅ የምንልከው የሚያጨበጭብልንን ሰው ነው። እኔ የላክኋቸው ሦስቱም ያገባኋቸው፣ ማለቴ የጋብቻ ሥርዓታቸውን የፈጸምኩላቸው ልጆች ነበሩ። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ነው የመለሷቸው።

ሁለቱም ወገን የሚያፍራቸውን ሰዎች ፈልግ። አጥቢያህ እንደ መካነ ኢየሱስ ሲኖዶስ ያለው ከሆነ በላይ በኩል ኺድ። ብቻዋን የቆመች ቤተ ክርስቲያን ከሆነች የከተማው ሌሎች መጋቢያን አሉ። ስትቀመጥም ምን እንደምትፈልግ አውቀህ ተቀመጥ። መመለስ ነው? ስምህ መንጻቱ ነው? የድጋፍ ደብዳቤ ነው? እኔ ሲጠይቁኝ ሦስቱንም አልኩ። ስለዚህ አንዱንም አላገኘሁም።

በወሩ አዲስ አጥቢያ መክፈት

ሃያ ሰው ሳሎንህ ይመጣል። ያለቅሳል። «አባታችን፣ እኛ ከአንተ ጋር ነን» ይልሃል። ጊታር የሚችል ልጅ አይጠፋም። ይኼን እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ በተለይ ደመወዝ በቆመበት ወር።

ግን ሰዎቹ ስለ ወንጌል ነው የመጡት ወይስ ስለ ሰብሳቢው? የእኔ ሃያዎቹ ስምንት ወር ጸለዩ፤ የጸሎታቸው ርእስ እነዚያ ሽማግሌዎች ነበሩ። ቁጣው ሲበርድ ግማሹ ተመለሰ። በእኛ ከተማ ደግሞ ወንጌላውያን ጥቂት ነን። ጎረቤቱ ሁሉ ያየናል። አጎቴ፣ የኦርቶዶክስ አማኝ ናቸው፣ «እነዚህ ደግሞ ከማን ተጣልተው ነው?» ብለው በሳቅ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጳውሎስና በርናባስም ተለያይተዋል። በማርቆስ ምክንያት፣ ሐዋርያት ሥራ 15 ላይ። ግን አንዱ ወደ ቆጵሮስ፣ ሌላው ወደ ሶርያና ኪልቅያ ነው የሄደው። ማዶ ለማዶ አዳራሽ አልተከራዩም። ቆይቶም ጳውሎስ ያንኑ ማርቆስን አምጣልኝ ብሎ ለጢሞቴዎስ ጽፏል። ቢያንስ አንድ ዓመት ሌላ አጥቢያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ሥራም ፈልግ፤ ድንኳን መስፋት ለጳውሎስ ነውር አልነበረም። እኔ አስጠናሁ፣ ሒሳብ።

አምና አንድ የያኔው መዘምር ስልኩን ሲያጸዳ ያንን ድምፅ አግኝቶ ላከልኝ። «ጋሼ፣ ላጥፋው?» ይላል ከሥሩ። ከፈትኩት። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አቆምኩት።

«አጥፋው» አልኩት።