ቤቱን በልጅ ስም ከማድረጋችሁ በፊት ዲዱን እንዲህ አንብቡት

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ «ቤቱን ለልጄ ላዙርና እኔ እስክሞት ልኑርበት» የምትሉ ከሆነ ዲዱን፣ ማለትም የቤቱን ባለቤትነት የሚያስተላልፈውን ሰነድ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቆም በሉ። ነገሩ በሕግ ስም አለው፣ ላይፍ እስቴት ይባላል። የአገር ቤቱን ፍትሐ ብሔር ሕግ ለምታውቁ አላባ፣ በሌላ ሰው ንብረት የመጠቀም መብት፣ ትዝ ይላችኋል። ይቀራረባሉ። እዚህ ግን ባለቤትነቱ ራሱ በጊዜ ይከፈላል፤ አንዱ ዛሬ ይይዛል፣ ሌላው ተራ ይጠብቃል። ተራ ጠባቂው ቤቱን ገና ባይረከብም መብቱ የሚጀምረው ዲዱን ከሰጣችሁት ዕለት ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

እናትየውን አልማዝ፣ ልጁን ዳዊት እንበላቸው። ዲዱ ላይ ከስም ቀጥሎ ያለውን ሐረግ ፈልጉ። «ለአልማዝ» ብሎ ካቆመ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ባለቤትነት ነው፣ ፊ ሲምፕል የሚሉት። «ለአልማዝ በሕይወት እስካለች፣ ከዚያ ለዳዊት» ካለ ግን የእሷ መብት ከዕድሜዋ አያልፍም፤ የዳዊት ድርሻ ሪሜይንደር፣ ከእሷ በኋላ የሚደርሰው ቀሪ መብት፣ ነው። ከእሷ በኋላ ማንም ካልተጠቀሰ ቤቱ ወደ ሰጪው ወይም ወደ ወራሾቹ ይመለሳል።

አሁን ወደ ጣጣው። አልማዝ ገንዘብ ቸግሯት ልሽጥ ብትል ያለ ዳዊት ፊርማ ሙሉውን ቤት የሚገዛት የለም። ዳዊት ቀድሟት ቢሞትስ? ዲዱ «እሱም በሕይወት ካለ» ካላለ በቀር ድርሻው ወደ ዳዊት ወራሾች ይሄዳል፣ ምናልባትም ዓይኗን ማየት ወደማትፈልገው ምራቷ። ዳዊት ዕዳ ካለበት አበዳሪዎቹ ድርሻውን ሊጠይቁ ይችላሉ። የቤት ታክስና ተራ ጥገና የአልማዝ ነው፤ ጣሪያው እያፈሰሰ ዝም ካለች ልጇ ሊከሳት ይችላል። አዎ፣ እናቱን! ነርሲንግ ሆም ለመግባት ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የመንግሥት የጤና ሽፋን) ካስፈለጋት ደግሞ በአብዛኛው ስቴት ያለፉት 5 ዓመታት የንብረት ዝውውር ወደ ኋላ ተሄዶ ይመረመራል። ጥቅሙ፣ ስትሞት ቤቱ ፕሮቤት (የፍርድ ቤት የውርስ ሂደት) ሳይገባ በቀጥታ ያልፋል።

«እስከሆነ ድረስ» እና «ካልሆነ ግን» የሚሉ ቃላት ካያችሁም አትለፏቸው። ኢሊኖይ ውስጥ በ1941 ባልና ሚስት አንድ ኤከር ተኩል መሬት ለትምህርት ቤት ሰጡ፤ ዲዱ ለትምህርት አገልግሎት ብቻ፣ ካልሆነ ወደ ሰጪዎቹ ይመለስ ይላል። በ1973 ትምህርቱ ቆሞ ቦታው ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። ጥያቄው መሬቱ በራሱ ይመለሳል ወይስ ወራሹ ሄዶ መጠየቅ አለበት የሚል ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1981 በራሱ የሚመለስ ዓይነት ነው አለ። ለዚያ ሁሉ ሙግት መነሻው አንዲት መስመር ናት።

እኔ ብጠየቅ፣ ልጁን ዛሬውኑ ባለመብት ማድረግ የግድ ካልሆነ፣ በቨርጂኒያ፣ በዲሲና በቴክሳስ ያለውን ትራንስፈር ኦን ዴዝ ዲድ፣ ቤቱን ስትሞቱ ብቻ የሚያስተላልፈውን ሰነድ፣ አስቀድሜ አያለሁ። እስክትሞቱ ድረስ ልጁ ቤቱ ላይ መብት የለውም፣ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ትሰርዙታላችሁ። የትኛውንም ብትመርጡ የስቴታችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ረቂቁን ይይላችሁ፤ «ልጄ ቀድሞኝ ቢሞትስ?» ብላችሁም በግልጽ ጠይቁት። ትራንስፈር ኦን ዴዝ ከሆነ ደግሞ በሕይወት ሳላችሁ መዝገብ ቤት መመዝገብ አለበት። ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ የቀረ አይሠራም።