አሮጌ የሚዘፍን መጫወቻ ካላችሁ አትጣሉት

ውስጡ ያለችውን አንዲት ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የምትገታ ትንሽ ክፍል) ብቻ በመቀየር ተሰምቶ የማይታወቅ ድምፅ ታወጡበታላችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን፦ በባትሪ የሚሠራ ብቻ ይሁን። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ዕቃ ክዳኑንም አትክፈቱ፤ ገመዱ ተነቅሎ እንኳ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ለሕይወት የሚያሰጋ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

መጫወቻው እየዘፈነ ሳለ ጣታችሁን በውኃ ነካ አድርጋችሁ የሰርኪዩት ቦርዱን ጀርባ ዳብሱ። ድምፁ በድንገት ከወፈረ ወይም ከቀጠነ፣ ድምፁን የሚያወጣውን ቺፕ ፍጥነት የምትወስነው ሬዚስተር ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ናት። ባትሪውን አውጡና እሷን ነቅላችሁ በምትኩ ባለ 1 ሜጋኦም ፖቴንሽሜትር በየዱ፤ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የሚዞረው ማለቴ ነው። ከእሱ ጋር በተከታታይ አንድ አነስተኛ ሬዚስተር ጨምሩ፤ ያለዚያ እስከ ጥግ ሲዞር ቺፑ ይደነዝዛል። ከደነዘዘ ባትሪውን አውጥቶ መመለስ ነው።

ወደ ዝግታው በኩል አዙሩት። እዚያ ነው ውበቱ፦ ዜማው ይጎተታል፣ ቃላቱ ወደ ጉርምርምታ ይለወጣሉ፣ በተለምዶ የማይሰማው የቺፑ ፍትጊያ ሁሉ ይወጣል። ክሪስታል (የቺፑን ፍጥነት ቋሚ አድርጎ የሚይዝ ክፍል) ያለበት ቦርድ ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም።

የዚህ ጥበብ አባት የሚባለው አሜሪካዊው ሪድ ጋዛላ ነው፤ የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። በ1978 የወጣው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ስፒክ ኤንድ ስፔል፣ እየተናገረ የቃላት አጻጻፍ የሚያስተምረው መጫወቻ፣ በጣም ተወዳጅ ቢሆንም፣ መለማመጃ አታድርጉት፤ እየጠፋ ያለ ዕቃ ነው። ኋላ መመለስ ብትፈልጉ እንድታገኟት፣ የነቀላችኋትን ሬዚስተር የመጫወቻው ክዳን ውስጥ በፕላስተር ለጥፋችሁ አስቀምጡ።