የአንድ ታጋይ ወረቀቶች ከመጥፋታቸው በፊት እንዴት እናስቀምጣቸው?

መጀመሪያ ምንም ነገር አትጣሉ። በተማሪዎች ንቅናቄ ጊዜ «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰልፍ የወጡ ሰው ቤት ያለ ካርቶን ሲከፈት የሚታየው አቧራ የጠጣ በራሪ ወረቀት፣ ደብዳቤና ፎቶ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን የኅቡእ ድርጅቱ የኢሕአፓ ልሳን የሆነው «ዴሞክራሲያ» አንድ ቅጂ እንኳ ቤት ውስጥ ከተገኘ ሕይወት ያስከፍል ነበር። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ የነበረውን አቃጥሏል፣ ቀብሯል። የተረፈች ብጣሽ ሁሉ ውድ ናት።

ካርቶኑን ከመነካካታችሁ በፊት እንዳለ ፎቶ አንሱት። አቀማመጡንም አታፍርሱ፤ ደብዳቤው ከበራሪ ወረቀቱ ጋር የተቀመጠው በምክንያት ሊሆን ይችላል።

አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። የዛገ ስፒልና የስቴፕለር ሽቦ ቀስ ብላችሁ አውጡ። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፣ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋል። ላሚኔት ማስደረግማ ጭራሽ አይታሰብ! ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ከእርጥብ ወለልም አርቁት።

ብዙ ጊዜ የሚወስደው ዘመኑን ማጣራት ነው። ደብዳቤው ላይ «1967» ብቻ ተጽፏል እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ንጉሡ የወረዱበትና የገጠር መሬት አዋጅ የወጣበት ዓመት ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የተላከ ከሆነ ግን በፈረንጆቹ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በእኛ 1959 ወይም 1960 ነው፣ ንጉሡም ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው። ይህን የሚፈታው ፖስታው ላይ ያለው ማኅተም ስለሆነ ፖስታውን ከነቴምብሩ አስቀምጡ።

ሌላው የትግል ስም ነው። ድርጅቶቹ ኅቡእ ስለነበሩ ሰዎቹ በእውነተኛ ስማቸው አይጻጻፉም ነበር። ባለቤቱ በሕይወት ካሉ ፎቶውን ይዛችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። «አባባ፣ ይሄኛው ማን ነው?» በሏቸው፣ ከፈቀዱም ድምፃቸውን ቅረጹ። አንዳንዱ ስም የሞተ ጓደኛ ስም ነውና ዝም ካሉ አትጫኗቸው። የነገሯችሁን በፎቶው ጀርባ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ሊያልፍ ይችላል።

ስካን ስታደርጉ ከ300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ ነው) አትውረዱ፤ ቅጂውንም ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ዋናውን ለተመራማሪዎች መስጠት ከፈለጋችሁ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ወመዘክርን፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱን፣ አነጋግሩ። ከማስረከባችሁ በፊት ዝርዝሩን አስፈርሙ። በሕይወት ያለ ሰው ስም ያለበትን ደብዳቤ ማን፣ ከመቼ ጀምሮ ማየት እንደሚችልም በጽሑፍ ተስማሙ።