ስፕሊት ኤሲ ቤት ውስጥ ውሃ ሲያንጠባጥብ እንዴት ይጠገናል?

ጅዳ፣ ዱባይ፣ ማናማ፣ ጅቡቲ ወይም ምጽዋ ላይ ያለ ኤሲ ሥራው ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ከአየር ውስጥ ውሃ ይቀዳል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ባለ 12,000 ቢቲዩ (አንድ ቶን የሚባለው) ስፕሊት በወበቅ ወቅት በሰዓት ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ውሃ ያወጣል። አሥር ሰዓት ከሠራ ግማሽ ጀሪካን ሊሞላ ይችላል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚወርደው እንደ አውራ ጣት በቀጠነች አንዲት ቱቦ ስለሆነ፣ ቱቦዋ ስትደፈን ውሃው አልጋና ሶፋ ላይ ይፈሳል።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነገረው «ጋዙ አልቋል» የሚለው ነው። የሚያቀዝቅዘው ጋዝ ግን እንደ ነዳጅ እየተቃጠለ አያልቅም። በመዳቡ ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ይዞራል፤ ከጎደለ የሆነ ቦታ ሾልኳል። በወበቃማ አገር የሚያንጠባጥብ ኤሲ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻና የውሃ መውረጃ ነው፤ ያንን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ሊያስተካክለው ይችላል።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይዩ

ከታችኛው ጥግ ወጥቶ ግድግዳውን ተከትሎ ከወረደ ቱቦው ተደፍኗል ወይም ተዳፋቱ ተበላሽቷል። ከአየር መውጫው አፍ ጠብታ እየተረጨ ከመጣ ኮይሉ (አየሩን የሚያቀዝቅዘው ባለ ስስ ክንፍ የመዳብ ቱቦ) ወይም ማራገቢያው ቆሽሿል፣ አለዚያም ውስጡ በረዶ ሠርቷል። ቱቦዎቹ ግድግዳውን ከሚያልፉበት ቀዳዳ ከሆነ የመዳቡ መሸፈኛ ስፖንጅ ተቀዷል። የፕላስቲኩ አፍ ላይ ላብ መስሎ የሚታይ ውሃ ብቻ ከሆነ ግን ብልሽት አይደለም፤ በር ወይም መስኮት ክፍት ሆኖ ማራገቢያው በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሠራ የሚመጣ ነው። በሩን ዘግተው ፍጥነቱን ከፍ ያድርጉት።

የሚያስፈልገው ዕቃ፦ ካቻቢቴ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የእጅ መርጫ፣ ሰፊ ፕላስቲክ፣ ባልዲ፣ ኮምጣጤ፣ ውሃ ልክ፣ ባትሪ መብራት። ውሃ የሚስብ ቫኪዩም ከጎረቤትም ቢሆን ማግኘት ከቻሉ ሥራው በግማሽ ይቀላል።

1. ያጥፉ፣ በረዶ ካለ ያቅልጡ

በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፤ ብሬከሩን ያውርዱ። ሽፋኑን ከፍተው በባትሪ መብራት ኮይሉን ይመልከቱ። ሁሉም ቦታ እኩል በረዶ ከለበሰ አየር እያለፈ አይደለም ማለት ነው፤ ፊልተሩን ወይም ማራገቢያውን ይጠርጥሩ። በረዶው ቀጭኑ የመዳብ ቱቦ በሚገባበት በኩል ብቻ ሆኖ የቀረው ኮይል ደረቅ ከሆነ ግን ጋዝ መጉደሉን ይጠቁማል። ይህን አስተውለው ይያዙት፣ ባለሙያ ሲመጣ ይጠቅማል።

በረዶውን በቢላ ወይም በካቻቢቴ አይፈልፍሉት። የመዳቡ ግድግዳ ስስ ነው፤ አንዲት ቀዳዳ ጋዙን በሙሉ ታስወጣለች። ብሬከሩን መልሰው ማራገቢያውን ብቻ (ፋን የሚለውን) ለሁለት ሦስት ሰዓት ያሠሩት፣ ከታች ፎጣ ያንጥፉ፣ ከዚያ እንደገና ብሬከሩን ያውርዱ።

2. ፊልተሩ

በለብ ያለ ውሃና በትንሽ ሳሙና ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል። እርጥቡን አይመልሱት። በወበቅ ወቅት በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ፤ አቧራው እርጥበት ስለሚይዝ ከደረቅ አገር ይልቅ ቶሎ ይጠቀጠቃል።

3. የውሃ መውረጃው

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። በቱቦው ውስጥ የሚደፍነው ድንጋይ ወይም ወረቀት አይደለም፤ አቧራና ሻጋታ ተዋህደው የሚፈጥሩት አተላ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ነው። ውጭ ያለውን የቱቦውን ጫፍ ይፈልጉ። ውሃውን ለመሰብሰብ ጀሪካን ውስጥ ከተውት ከሆነ ጫፉ ውሃ ውስጥ ተጠልቆ እንደሆነ ይዩ። ጫፉ ከተጠለቀ አየር መውጫ ያጣል፣ ውሃውም ወደ ቤት ይመለሳል። ከውሃው በላይ ማንጠልጠል ብቻውን ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ አለ።

ቀጥለው የቫኪዩሙን አፍ ከቱቦው ጫፍ ጋር አገናኝተው ዙሪያውን በጨርቅ ይጠቅልሉ፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይሳቡ። በአፍም ሆነ በፓምፕ ከውጭ ወደ ውስጥ አይንፉ፤ ቆሻሻው ኮይሉ ሥር ወዳለው የውሃ መቀበያ ገንዳ ተመልሶ ኤሌክትሪኩ ላይ ሊረጭ ይችላል።

ከዚያ የፊት ሽፋኑን ያውጡ። ብሎኖቹ በአየር መውጫው አጠገብ ከትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ሥር ይደበቃሉ፣ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ ከላይ ደግሞ መንጠቆ አለ። በጉልበት ከጎተቱት መንጠቆው ይሰበራል። በአብዛኞቹ ሞዴሎች የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት በቀኝ በኩል ነው፤ በፕላስቲክ ይሸፍኑት። በውሃ መቀበያ ገንዳው ውስጥ አንድ ብርጭቆ ኮምጣጤ አፍስሰው 30 ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በቀስታ ያስከትሉ። በረኪና አይጠቀሙ፤ አልሙኒየሙንም መዳቡንም ይበላል።

4. ኮይሉና ማራገቢያው

ከታች ፕላስቲኩን እንደ ቦይ አድርገው ወደ ባልዲው ያሰናዱ። የኮይል ማጽጃ አረፋ ካለ ረጭተው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፣ በእጅ መርጫ ከላይ ወደ ታች ያጥቡ። የመኪና ማጠቢያ ዓይነት ኃይለኛ ውሃ ስሶቹን የአልሙኒየም ክንፎች ያጥፋቸዋል፤ የታጠፈ ክንፍ አየር አያሳልፍም።

ረጅሙን ማራገቢያ በእጅ እያዞሩ በየምላሱ መካከል በብሩሽ ያጽዱ። ጥቁሩ ሻጋታ የሚከማቸው እዚያ ነው፣ ያ የረጠበ ካልሲ የሚመስል ሽታም የሚመጣው ከዚያው ነው። ምላሶቹ ሲሞሉ ማራገቢያው ይዞራል እንጂ አየር አይገፋም። ብዙ ሰው ፊልተር ብቻ አጥቦ ለውጥ ሲያጣ ተስፋ የሚቆርጠው ይህችን ቦታ ስላልነካ ነው።

5. ተዳፋትና መሸፈኛ

የውስጡን ክፍል በውሃ ልክ ይለኩ፤ ቀጥ ያለ ወይም ቱቦው ወዳለበት ጎን ጥቂት ሚሊ ሜትር ያዘነበለ ይሁን። ቱቦው በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይውረድ። መሐል ላይ ሆድ ሠርቶ የሚረግብ ቱቦ ውሃ ይቋጥራል፣ የቋጠረው ደግሞ አተላ ያበቅላል።

የመዳብ ቱቦዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ በስፖንጅ መሸፈን አለባቸው። አየሩ 34 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ከሆነ ከ28 ዲግሪ ገደማ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ጤዛ ያወጣል፤ መዳቡ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይቀዘቅዛል። የተቀደደውን ስፖንጅ ቆርጠው ይለውጡ፣ መጋጠሚያውን በናስትሮ ይዝጉ። ከኤሲው ጀርባ ያለውን የግድግዳ ቀዳዳም ይድፈኑ፤ የውጩ ወበቅ በዚያ ገብቶ ኤሲው ጀርባ ላይ ውሃ ይሆናል።

ሁሉም ተሠርቶ አሁንም ካልቀዘቀዘ

ለ15 ደቂቃ አሠርተው የሚገባውንና የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ይለኩ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ ደህና ነው። ክፍሉ በጣም ከረጠበ መጀመሪያ ላይ ሊያንስ ይችላል፤ ኃይሉ ውሃውን በማውጣት ላይ ስለሚያልቅ ነው።

የውጩ ማራገቢያ እየዞረ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ሞተር) እምም ብሎ ከቆመ አንዱ ተጠርጣሪ ካፓሲተሩ፣ ማለትም ሞተሩን ለማስነሳት ኃይል የሚያከማቸው ዕቃ ነው (የሞተሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ በሚቀያይረው ኢንቨርተር ኤሲ ላይ ይህ አይሠራም)። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ብሬከር ከወረደ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ የማያውቅ ሰው አይንካው።

ጋዝ ከጎደለ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ የሚሠራውን ግን ቆመው ይዩ። ኢንቨርተር ላልሆነ ኤሲ፣ አር 410ኤ የሚባለው ጋዝ ሲሠራ ዝቅተኛ ግፊት ባለው በኩል ከ110 እስከ 130 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አካባቢ፣ አሮጌው አር 22 ከ60 እስከ 70 አካባቢ ይነበባል። ሾልኮ የወጣበትን ሳይፈልግ ጨምሮልዎ የሚሄድ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይጠራል። የመዳቡ መጋጠሚያ ፍሬዎች ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ የሚያብጥ አረፋ ወይም የዘይት እድፍ ቦታውን ያሳያል። ከተዘጋ በኋላ ውስጡ በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይሳብ። የወበቅ አየር በቱቦው ውስጥ ከቀረ እርጥበቱ ከኮምፕረሰሩ ዘይት ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል። ጋዙም በሚዛን ይሞላ፤ ስንት ግራም እንደሚገባ በውጩ ክፍል ላይ ተለጥፏል። ጋዙ አር 32 ከሆነ በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ ሲከፈት አጠገቡ ሲጋራም ሆነ እሳት አይኑር።

ባሕር ዳር ላሉ ደግሞ፦ የውጩን ክፍል በወር አንድ ጊዜ ብሬከሩን አውርደው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ። ጨው የአልሙኒየሙን ክንፎች ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጣቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ማጠብ አይመልሳቸውም። ሪሞቱንም 16 ላይ ማድረግ ቶሎ አያቀዘቅዝም፤ 24 ወይም 25 ላይ ይበቃል፣ ቀዝቀዝ ብሎ ወበቅ ባለበት ሌሊት ደግሞ የጠብታ ምልክት ያለውን ድራይ ሞድ ይሞክሩ። ኤሲውን ከከፈቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውጭ ወጥተው የቱቦውን ጫፍ ይዩ፤ በወበቅ ቀን እዚያ ጠብታ ከሌለ ውሃው ቤት ውስጥ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሦስተኛው ደረጃ ይመለሱ።