የሶላር ማሞቂያው ቫልቭ አልዘጋ ሲል

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ጠዋት ሙቅ ውሃ ማጣት ከባድ ነው፤ በተለይ ሕፃን ላለበት ቤት። ጣሪያ ላይ ያለው የሶላር ማሞቂያችን ታንከሩ ሞልቶም ውሃ ማስገባቱን አላቆም አለ። ሌሊቱን ሲፈስ ያድራል፤ ቀን የሞቀው ሁሉ በቀዝቃዛ ይተካል።

የውሃውን መጠን የሚለካውን ሴንሰር ቀየርኩ። ቫልቩን የሚያዘውን ኮንትሮለርም ቀየርኩ። ያው ነው። አራት ቀን በዚህ አለፈ።

በአምስተኛው ቀን ኮንትሮለሩን ከሶኬት ነቀልኩት። ውሃው አሁንም ይገባል! ውሃ ወደ ታንከሩ የሚያስገባው ይህ የኤሌክትሪክ ቫልቭ መብራት ሲቋረጥ መዝጋት ነበረበት። ስለዚህ ችግሩ ቫልቩ ውስጥ ነው። እባካችሁ ከዚህ ሙከራ ጀምሩ።

የውሃ መስመሩን ዘግቼ አራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታሁ። ስትፈቱ ሞላዋ ተስፈንጥራ እንዳትጠፋ ከሥር ጨርቅ አንጥፉ። ውስጡ ክብ ላስቲክ አለ፤ ላስቲኩ ላይ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ። ውሃ በእሷ አልፎ ከላይ ሲጫነው ነው ላስቲኩ የሚዘጋው። የእኔው ቀዳዳ በነጭ የኖራ ቅርፊት ድፍን ብሏል። ላስቲኩን አቼቶ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍኩት፤ ከዚያ ቀዳዳውን በቀጭን የናይለን ክር ከፈትኩ። በመርፌ እንዳትሞክሩ፣ ቀዳዳው ይሰፋል።

መልሼ ገጠምኩት። ታንከሩ ሞላ፤ ውሃው ቀጥ አለ። ዛሬ ጠዋት ልጄን በሙቅ ውሃ አጠብኳት።