ትልቅ ጠባቂ ውሻን ከቤተሰብ ጋር እንዴት ማኖር ይቻላል?

ካንጋል፣ ግሬት ፒሬኒስ፣ የካውካሰስ እረኛ ውሻ፦ ሦስቱም ከመንጋ ጋር እያደሩ፣ ሰው በሌለበት ራሳቸው ወስነው አውሬ እንዲያባርሩ የተዳቀሉ ናቸው። ቤት ሲገቡም ይህ ጠባይ አይለቃቸውም። «ና» ሲባል ከተፍ የሚል ውሻ ከጠበቃችሁ ትበሳጫላችሁ። ሰምቷችኋል፣ ግን ገና እያሰበበት ነው።

1. ከመውሰዳችሁ በፊት አጥሩን እዩ

ወንድ ካንጋል ሲያድግ ከ50 ኪሎ ያልፋል። አጥሩ ወደ 1.8 ሜትር ይሁን፤ ከሥሩ ተቆፍሮ የሚወጣበትም አይሁን። ሌሊት ይጮሃል። ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የምትጋሩ ከሆነ ሌላ ዝርያ ብትመርጡ ይሻላል።

2. በቡችላነቱ ዓለምን አሳዩት

ቡችላ አዲስ ነገርን በቀላሉ የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ጃንጥላ የያዘ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ በክራንች የሚሄድ ሰው ይይ። ክትባቱ ካላለቀ አቅፋችሁት ውጡ። መታቀፍ የሚችለው አሁን ብቻ ነው!

በማሰሪያ ሳይጎትት መሄድንም አሁኑኑ አስተምሩት። ልምምዱ አጭር፣ ሽልማቱ ጣፋጭ ይሁን። አንዱን ትእዛዝ ደጋግማችሁ ካሰለቻችሁት ጥሏችሁ ይሄዳል።

3. እንግዳ ሲመጣ በሩን እናንተ ምሩት

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ማን ይግባ የሚለውን ለውሻው ከተዋችሁለት ይወስናል፤ ውሳኔውን ግን ላትወዱት ትችላላችሁ።

በሩ ሲንኳኳ ውሻውን ሌላ ክፍል አስገቡት። እንግዳው ገብቶ ይቀመጥ። ቤቱ ረጋ ሲል በማሰሪያ ይዛችሁ አምጡት። እንግዳው ዓይን ዓይኑን አይየው፣ እጁንም ወደ ጭንቅላቱ አይስደድ። ውሻው ራሱ ቀርቦ ያሽተው። አፉ ላላ ብሎ ከተከፈተና ሰውነቱ ከተፍታታ ደህና ነው። አፉን ገጥሞ፣ ጅራቱን አቁሞ ድርቅ ካለ ግን ሳትጮሁ መልሳችሁ አውጡት።

ሲያጉረመርም አትቅጡት። ማስጠንቀቂያውን እንዲተው ካደረጋችሁት በቀጥታ ወደ መንከስ ሊሄድ ይችላል።

እስከ 2 ዓመቱ ድረስም አትዘናጉ። በቡችላነቱ ለሁሉም ጅራቱን ሲቆላ የነበረው፣ ሲጎለምስ ኮስተር ማለቱ የተለመደ ነው።

4. ልጆች ሲጫወቱ አጠገባቸው ሁኑ

የቤቱን ልጅ ይወደዋል፤ ችግሩም ከዚያ ይመጣል። የሰፈር ልጆች መጥተው ሲታገሉና ሲጯጯሁ «ልጄ ተጠቃ» ብሎ ሊገባ ይችላል። ግርግር ያለው ጨዋታ ሲጀመር ለይታችሁ አስቀምጡት። ትንንሽ ልጆችንና ውሻውን ብቻቸውን አትተዉ፣ የቱንም ያህል ገር ቢሆን።

5. ቀስ ብሎ ይደግ

ለትልልቅ ዝርያ ቡችላ የተዘጋጀ ምግብ ስጡት። አጥንቱ እንዲጠነክር ብላችሁ ካልሲየም አትጨምሩለት፤ ይልቁንም አጥንቱን ያበላሽበታል። አታወፍሩት።

ካደገ በኋላም የቀኑን ምግብ ቢያንስ ለሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ስጡት፣ ምክንያቱም ደረተ ጥልቅ ውሾች ጨጓራቸው በጋዝ ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል። ሆዱ ከተወጠረ፣ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ መቀመጥም መቆምም ካቃተው «እስኪነጋ እንየው» አይባልም፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ማታ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ስልክ ዛሬውኑ መዝግቡ። 50 ኪሎ ውሻ መኪና ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚያወጣም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።